ሃምስተርን በእኩል ያረሱት ልጆች

ዓለም ጤና ያደገ ሰው ቴአትር መጀመሪያ ያየው ትምህርት ቤት ነው። በወላጆች ቀን፣ ወይም ክበባት ዝግጅት በሚያቀርቡበት ዓርብ ከሰዓት፣ ዴስክ ተገጣጥሞ መድረክ ይሆናል። ርዕሱ ወይ ያለዕድሜ ጋብቻ ነው፣ ወይ ኤችአይቪ፣ ወይ ዐረብ አገር የሄደችው ልጅ። መጨረሻው ግን አንድ ነው። ጋቢ የለበሰ፣ የጥጥ ጺም ያጣበቀ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከዘራውን ይዞ ይወጣና ይመክራል። ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት ይኬዳል።

ይሄን ቴአትር አልንቀውም። ሁለቴ ሽማግሌ ሆኜ ተውኛለሁ፤ ጺሙ ያሳክካል። ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ተውኔት ግን ሽማግሌ የለውም፣ እና ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

የጻፈችው ጄኒፈር ሄይሊ የምትባል አሜሪካዊት ናት። «ኔበርሁድ ስሪ» ይባላል፤ እኛ «ሰፈር ቁጥር 3» እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሉዊቪል ከተማ ለመድረክ በቅቷል። ደህና ኑሮ ባለበት አንድ ሰፈር ያሉ ታዳጊዎች አስፈሪ የኦንላይን ጌም ይለክፋቸዋል። ጌሙ ካርታውን የሚሠራው በሳተላይት፣ ከራሳቸው ሰፈር ነው። ስለዚህ የሚገደለው ዞምቢ የሚመጣው በሚያውቁት አጥር፣ በሚያውቁት በር ነው፤ ቀስ እያለ የቱ ጌም የቱ እውነተኛ ቤት እንደሆነ ይምታታል። የሚጫወቱት አራት ተዋንያን ብቻ ናቸው፣ የአባት፣ የእናት፣ የወንድ ልጅና የሴት ልጅ ዓይነት። ሁለት ሁለት እየሆኑ ያወራሉ። ወላጆቹ አንድ ነገር እንዳለ ይሸታቸዋል፣ ግን ልጆቻቸው ምን ላይ እንደሆኑ አያውቁም። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ማንም እንደማይመከር ግን ልንገራችሁ።

ሳነበው የታዩኝ የአሜሪካ ልጆች አይደሉም፤ ክረምት ላይ ሒሳብ ያስጠናኋቸው ሁለት የሰፈሬ ልጆች ናቸው። (ኢኮኖሚክስ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ሰው ክረምት ላይ ማስጠናቱ ያው የታወቀ ነው።)

እኛ ጋ ጌም የወንድ ነው። የፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ቆማችሁ እዩ፣ ፊፋ የሚጫወተውም ተራ የሚጠብቀውም ወንድ ነው። ሴት ልጅ ብትገባ ማታ እናቷ ጋ ወሬው ይደርሳል። የሴቶቹ ጨዋታ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ነበር፤ እሱንም ከፍ ሲሉ «ትልቅ ሴት ሆነሽ!» ይባሉና ይተዉታል። ከዚያ በኋላ የሚቀራቸው ስልክ ነው። ስልኩም ብዙ ጊዜ የራሳቸው አይደለም።

በዚህ መሀል ነው በመጋቢት 2016 ሃምስተር ኮምባት ቴሌግራም ላይ የመጣው። ያልነካካ ሰው ካለ ላስረዳ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አይጥ መሰል እንስሳ አለች፤ በጣት ስትነካት ሳንቲም ትሰጣለች። በሳንቲሙ ካርድ ትገዛለህ፣ ካርዱ በየሰዓቱ ትርፍ ያመጣል። ቪዲዮ ያየ ሳንቲም ያገኛል፣ ጓደኛ የጋበዘ ሳንቲም ያገኛል። አንድ ቀን ይሄ ሁሉ እውነተኛ ገንዘብ ይሆናል ተባለ። ዋናው ተንኮል ደግሞ እዚህ ጋ ነው፦ የሰዓቱ ትርፍ የሚጠራቀመው ለ3 ሰዓት ብቻ ነው። ተመልሰህ ካልገባህ ይቆማል።

ሦስት ሰዓት! ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ግን የእንቅልፍን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው።

ልጆቹ 9ኛ ክፍል ነበሩ፣ የአንድ አጥር ጎረቤት። ስልክ ያላት አንደኛዋ ናት፣ አክስቷ ከዐረብ አገር የላከችላት። አባቷ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስልክ እንዳትነካ ከልክሏታል። የሁለተኛዋ እናት ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ቤታቸው ስማርት ስልክ የለም፣ ከልካይም የለም። እና ተስማሙ። ቀን ባለስልኳ ትነካለች፣ ማታ ስልኩ በአጥር ይሻገራል። ሁለተኛዋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ላይ ትነቃለች። ጠዋት «ደብተር ልመልስላት» ብላ ስልኩን ትመልሳለች። የሚገኘው ለሁለት ይካፈላል።

ቦራ ወረዳ ላለ ሰው ይሄ ውል አዲስ አይደለም። የእኩል እርሻ ነው። አንዱ መሬት ያመጣል፣ ሌላው ጉልበት። ዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ውል ብዙ ገጽ አንብበናል፤ ልጆቹ ምንም ሳያነቡ በአጥር ቀዳዳ ተዋዋሉት። ደግሞ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ይሄን መካድ አልፈልግም። ሲያወሩ የሰማኋቸው ስለ ሃምስተር ብቻ ነው፣ የዛሬው ካርድ የቱ ነው፣ በሰዓት ስንት ደረስን። ሲያሾፉ በአማርኛ፣ ሲጣሉ በኦሮምኛ። ጥናት ላይ ሁለተኛዋ ታንቀላፋለች፣ አንደኛዋ በክርኗ ትጎሽማታለች፣ ይስቃሉ።

ክፍያው የመጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው። አዎ፣ የደመራ ዕለት። ሰው ችቦ ሲያስር እነሱ ስልክ ላይ ተደፍተው ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። ለመጀመሪያው ዙር የተመደበው 60 ቢሊዮን ቶክን ነው፣ ድርሻ ያገኙት ተጫዋቾች 131 ሚሊዮን። ሲካፈል ለአንድ ሰው 458 ገደማ ይደርሳል። ገበያ ሲወጣ የአንዱ ዋጋ የአሜሪካ 1 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ስለዚህ አማካዩ ተጫዋች ያገኘው 4 ዶላር ተኩል ነው። ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር አልፎ ስለነበር 500 ብር ገደማ በሉት። ለስድስት ወር። በቀን 3 ብር አይሞላም፤ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ ራሳችሁ አስቡት።

እነሱ ያገኙት ከአማካዩም ያነሰ ነበር። መሸጫው መታወቂያ ስለሚጠይቅ የባለስልኳ የአጎት ልጅ ሸጠላቸው፣ የራሱንም ቆረጠ። ባለስልኳ ለጓደኛዋ 100 ብር ሰጠቻት። ሁለተኛዋ እኩል ነው የተባባልነው አለች። አንደኛዋ ስልኩ የኔ፣ ፓኬጅ የገዛሁት እኔ፣ አለች። ሁለተኛዋ ደግሞ «ሌሊቱን ማን ነቃ?»

ገበሬ ቢሰማው ወዲያው የሚገባው ጠብ ነው፣ ዘሩን ማን አወጣ የሚለው። ፓኬጁ ዘር ነበር፣ ውሉ ላይ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናቸው፣ አንደኛዋ መስኮት ጋ፣ ሌላዋ በር ጋ ይቀመጣሉ። እናቶቻቸው ገና ለገና ይጣሉ ይሆናል ብለው ቡና ጠርተው ሊያስታርቋቸው ሞክረው ነበር። «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲባሉ ሁለቱም «ምንም» አሉ። ምክንያቱ ከተነገረ ስልኩ ማታ ማታ የት ያድር እንደነበር ይወጣላ።

ይሄ የሄይሊ ተውኔት አይመስልም? ደም የለበትም እንጂ ቤቱ ያው ነው፣ አጥሩም ያው ነው፣ የማያውቁት እናቶችም ያው ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ አስገብቶ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ማስቀደም፣ እየጎዳም መቀጠል፣ ይሄም በአብዛኛው 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። በዚህ መለኪያ ልጆቹ ሱሰኛ አይደሉም። እኔም ሱስ አልለውም፤ ሥራ ነበር፣ ያውም የሌሊት ፈረቃ። ሁለተኛዋ እስካሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለ አላርም እንደምትነቃ ነግራኛለች።

ስለ ሴት ልጆች ጓደኝነት ድራማ አልተሠራም አልልም። በ2005 የተጀመረው «የኛ» የሬዲዮ ድራማ በአምስት ልጃገረዶች ጓደኝነት ላይ የቆመ ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘቡን በ2009 እስኪያቆም ድረስ ብዙ ተወርቶለታል። እዚያ ጓደኝነት ኃይል ነው። ልክ ነው፣ ኃይል ነው። ግን ያንኑ ጓደኝነት አንድ ቴሌግራም ላይ ያለ ድርጅት ሊቀጥረው እንደሚችል፣ «ጓደኛ ጋብዢ» ብሎ ዋጋ ሊለጥፍበት እንደሚችል የሚያሳይ ቴአትር አላየሁም።

ስለዚህ ልጽፈው ጀመርኩ። ብዙ ዕቃ አይፈልግም፣ ሁለት ወንበር፣ መሀሉ ላይ አጥር የሚሆን ገመድ፣ አንድ ስልክ። የመድረኩ መብራት የስልኩ ብርሃን ብቻ ነው፤ በየትዕይንቱ መሀል አላርም ይጮኻል። ስምና ዝምድና ቀይሬያለሁ፣ ለሁለቱም ሳልነግር ደግሞ አልጀመርኩም። ባለስልኳ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ «እንደፈለግህ ቲቸር» ብላ ሄደች።

የድራማ ክበቡን የሚመራው መምህር ረቂቁን አንብቦ ወደደው። ከዚያ «መጨረሻ ላይ ማነው የሚያስታርቃቸው?» አለኝ። ማንም አልኩት። አንድ ሽማግሌ ካልገባበት ለወላጆች ቀን ማቅረብ ይከብዳል አለ፤ እስካሁን እየተከራከርን ነው። ሁለተኛዋ ልጅ የክበቡ አባል ናት። የቱን ክፍል ልስጥሽ ስላት ብዙም አላሰበች፤ ባለስልኳን ነው መጫወት የምፈልገው አለችኝ። የሌሊቷን ልጅ የምትጫወት ሌላ ተማሪ እየፈለግን ነው።