የአሕመዲ አቧራ አሸዋ ብቻ አይደለም

እህቴ፣ ጉባር ባለፈ ማግስት ሆሹን፣ መስኮቱን፣ በረንዳውን የምታጸጂው አንቺ ነሽ። እኔም አሕመዲ ሰው ቤት ስሠራ ይሄ ሥራዬ ነበር። ማዳም «አሸዋ ነው፣ ምንም አያደርግም» ትለኝ ነበር። ነገሩ ግን አሸዋ ብቻ አይደለም።

በዓይንሽ የምታዪውን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ አብዛኛውን ያስቀሩታል። የሚያሰጋው የማይታየው ነው፤ ከ2.5 ማይክሮን የሚያንስ፣ ከጸጉር ክር 30 ጊዜ ያህል የሚቀጥን ብናኝ። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ አስም ያባብሳል፣ ልብንም ይጎዳል።

ከየት ይመጣል? ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 የኩዌት ሲቲን አየር በማጣሪያ እየያዙ መረመሩ። ወጥ ቀምሰሽ የገባበትን ቅመም እንደምትለዪው፣ የብናኝ መነሻም በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ይለያል፤ ሲሊከን አሸዋን፣ ቫናዲየምና ኒኬል የተቃጠለ ከባድ ነዳጅን ያሳብቃሉ። በ2013 የታተመው ውጤት ይሄ ነው፦ 54 በመቶ የአሸዋ አቧራ፣ 18 በመቶ በዋናነት ኃይል ማመንጫዎች የሚያቃጥሉት ነዳጅ፣ 12 በመቶ ፔትሮኬሚካል ኢንዱስትሪ፣ 11 በመቶ መኪና፣ 5 በመቶ ከውጭ አገር የመጣ።

ወደ ግማሽ የሚጠጋው አሸዋ አይደለም ማለት ነው። በአሕመዲ ግዛት ደግሞ የቡርጋን ነዳጅ ሜዳ፣ የሚና አል አሕመዲና የሚና አብዱላ ማጣሪያዎች፣ የሹዓይባ ኢንዱስትሪ አካባቢ አሉ። ሰማዩ ስለጠራ ብቻ አየሩ ንጹሕ ነው አይባልም።

ቤት ውስጥም መነሻ አለ። ቡኹር እንደ እጣናችን ሽታው ደስ ቢልም፣ ጭሱ ያው ደቃቅ ብናኝ ነው። ከሰሉ ደሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ውጭ አቀጣጥዪው፣ በምትተኚበት ክፍል በጭራሽ አታሳድሪው።

በጉባር ቀን መስኮት ዝጊ። ሲያልፍ በደረቁ አትጥረጊ፤ ውኃ እርጪ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ተራ ማስክ ደቃቁን በደንብ አይዝም፤ «ኤን95» የሚለውን እንዲገዙልሽ ጠይቂ።

ሳል ከያዘሽ መቼ እንደሚነሳብሽ ልብ በዪ፦ በጉባር ቀን ነው? ቡኹር ሲጨስ? ወይስ ሁልጊዜ? ለሐኪሙ ይሄንኑ ንገሪው፤ መነሻው ካልታወቀ ሽሮፕ ብቻ እየጠጡ መክረም ይመጣል።

ሕክምና ልመና አይደለም። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 አሠሪ እንዲያሳክምሽ ያስገድዳል፤ ጤናሽን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ ማሠራትንም ይከለክላል። «ሰድሪ ይዐውርኒ» በዪ፤ ደረቴን ያመኛል ማለት ነው። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ ግን ፈቃድ አትጠብቂ፤ 112 ደውዪ።