ለሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ ምን ይበረከትለት?

በጁባ ከተማ የልደት በዓል ሁለት ጊዜ ይከበራል። አገሬው ዲሴምበር 25 ቀን ሲያከብር፣ በንግድና በሆቴል ሥራ ተሰማርቶ በከተማይቱ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ 13 ቀን ቆይቶ በታኅሣሥ 29 ገናን ያከብራል። ስጦታ ለመስጠት ያሰበ ሰው ስለዚህ ጊዜ አያጥረውም፤ የሚቸግረው ምርጫው ነው። ተቀባዩ የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ ወጣት በሚሆንበት ጊዜማ ብዙው ሰው ሸሚዝ ገዝቶ ይገላገላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የአካባቢውን ጠባይ ማጤን ይገባል። በነጭ ዓባይ ዳርቻ የምትገኘው ጁባ በበጋው ወራት ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ብዙ ቤትና መደብርም ለመብራት ጄኔሬተርን ሲጠቀም የኖረ ነው። ሸክላ ቢያምርም በሙቀት ይጎብጣል፤ ማጫወቻውም የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ይሻል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ወይም የጆሮ ማዳመጫ የተሻለ ይሆናል። በጦር ሰፈር ለሚኖር ወታደር ማዳመጫው ድርብ ጥቅም አለው፤ ባለቤቱ የወደደውን ጊታር እያዳመጠ፣ ከዘብ የተመለሰው ጓደኛው ያለ ሁከት ይተኛል።

ተቀባዩ ራሱ ጊታር የሚጫወት እንደ ሆነ፣ ከመለዋወጫ ክር የበለጠ የሚያስደስተው ስጦታ ጥቂት ነው። ላብና እርጥበት የብረት ክርን ያዝጋሉ፤ ከስድስቱም ቀጭኑ አንደኛ ክር ቶሎ ይበጠሳል። ይሁን እንጂ ገዢው አስቀድሞ የጊታሩን ዓይነት መጠየቅ አለበት። ለናይሎን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ቢወጠር፣ ከውጥረቱ ብዛት የመሣሪያው አካል ሊገነጠል ይችላልና።

ዘፈን ለማበርከት የሚሻም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጃኖ ባንድ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» የተሰኘው አልበም፣ የሮክን ጊታር ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር አዋሕዶ የያዘ ነው። የሮክ አፍቃሪው ወጣት ደቡብ ሱዳናዊ ቢሆን እንኳ፣ የጎረቤቱን አገር ድምፅ በሚወደው ስልት ያገኘዋል። ይህን ሥራ ከተባዛ ቅጂ ሳይሆን ከሕጋዊ ሻጭ መግዛት ግን ግዴታ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱን የጁባ የራሷ ታሪክ ያስረዳናል።

በ1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ለደቡብ ሱዳን የ11 ዓመት ሰላም አስገኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን በጁባ የምሽት ክበቦች ስካይላርክስና ረጃፍ ጃዝ የተባሉ ባንዶች ይጫወቱ ነበር። በ1983 ጦርነቱ ዳግመኛ ሲቀሰቀስ ያ የምሽት ሕይወት ተቀጨ። የዚያው ዘመን ዕውቅ ድምፃዊ የነበረው የዩሱፍ ፈታኪ ሥራዎችም በኦምዱርማን ሬዲዮ ጣቢያ እንደ ተደመሰሱ ይነገራል።

በአንጻሩ አዲስ አበባን እንመልከት። አምኃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች ከአገሪቱ የፖለቲካ ማዕበል ተርፈው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም ለዓለም ተዳረሱ። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ዘመን ዘፍነዋል፤ የአንደኛዋ ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ለልጅ ልጅ ሲደርስ፣ የሁለተኛዋ አብዛኛው በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ በዚህ በዓል ለሙዚቃ አፍቃሪ ወዳጁ ስጦታ የሚያስብ ሁሉ፣ ከክሩና ከማዳመጫው ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ያክል፤ ይኸውም በስልክ ላይ የሚሰካ አነስተኛ ማይክራፎንና ባዶ የድምፅ ማስቀመጫ ካርድ ነው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ ሸሚዝ እምብዛም አይበልጥም። ወጣቱ በእርሱ የራሱን ጊታር፣ የሰፈሩን ከበሮና የአዛውንቱን ዜማ ይቀርጽበታል። ጁባ ዛሬም ትዘፍናለች፤ የዛሬው ዘፈኗ እንደ ትናንቱ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ምናልባት በዚህ ገና ስጦታ የሚጠብቀው ወዳጃችሁ ሊሆን ይችላል።

መልካም በዓል!