ጨረታ የቀረለት የትምህርት ቤት ምሳ

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተማሪ ምገባ ከአገር ውስጥ እርሻ ይቅረብ ብለው ወሰኑ። ከውሳኔው በፊት በነበረው ዓመት የኅብረቱ ልዑካን ብራዚል ሄደው አሠራሩን አይተው ነበር።

ብራዚል ተማሪዎቿን መመገብ የጀመረችው በ1955 ነው። እስከ 1994 ድረስ ግዢው ከማዕከል ይፈጸም ስለነበር፣ ወደየአውራጃው የሚጫነው በአብዛኛው ከፋብሪካ የወጣ ምግብ ነበር። በኋላ ግዢው ወደ ክልሎችና ከተሞች ወረደ። በሰኔ 2009 ደግሞ ሕግ ቁጥር 11947 መጣ፤ የፌዴራል መንግሥቱ ለምገባ ከሚልከው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች በቀጥታ እንዲገዛበት አዘዘ።

ሁሉም የሚጠቅሰው ይህን 30 በመቶ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያው ሕግ ጨረታን ለዚህ ግዢ ማስቀረቱ ነው። ጎመንና ሙዝ የሚያመርት ገበሬ መጋዘንና መኪና ካለው ነጋዴ ጋር በዋጋ ቢወዳደር ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ የገበያውን ዋጋ አጥንቶ ይተምንና ጥሪ ያወጣል፤ ገበሬዎች በዚያው ዋጋ ያቀርባሉ። ቅድሚያው ለአካባቢው ሰው ነው። መሬት በድልድል ያገኙ፣ ነባር ሕዝቦች፣ ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች በመሠረቷቸው መንደሮች የሚኖሩም ይቀድማሉ። ያለ ኬሚካል ላመረተ እስከ 30 በመቶ ጭማሪ ሊከፈለው ይችላል።

ምን እንደሚበላ የሚወስነው የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው፤ የአካባቢውን ምርትና የአመጋገብ ልማድ አይቶ። ሒሳቡን ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ያሉበት ምክር ቤት ይመረምራል። ይህ ምክር ቤት ካልተቋቋመ ገንዘቡ ሊታገድ ይችላል፤ ጥርስ ያለው ቁጥጥር ማለት ይህ ነው።

ችግር የለም ማለት አይደለም። 30 በመቶውን ያላሟሉ ከተሞች ነበሩ። ገበሬው በመንግሥት መዝገብ ካልሰፈረ መሸጥ አይችልም፤ በማኅበር ካልተደራጀም በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ አትክልት ማድረስ ከባድ ነው። እንዲህም ሆኖ በ2025 የወጣ ሕግ ከ2026 ጀምሮ ድርሻውን ወደ 45 በመቶ ከፍ አደረገው። ፊተኛው በየቦታው ሳይሞላ ይህን ማከል ድፍረት ነው፤ ለትራንስፖርቱና ለመዝገቡ ሥራ ገንዘብ ካልተመደበ ግን ትርፉን የሚወስዱት አስቀድመው የተደራጁት ማኅበራት ይሆናሉ።