ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ለዓሣ አይሆንም

አዲስ አኳሪየም የሚገዛ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ዓሣውንም በዚያው ቀን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። «ውሃው እኮ ጥርት ብሏል፤ ምን እንጠብቃለን?» ይለኛል። የምንጠብቀው በዓይን የማይታዩትን ባክቴሪያዎች ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህን መርዝ አንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬቱን እኛ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን እየቀየርን እንቀንሰዋለን። ባክቴሪያዎቹ በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ሰው የሚሳሳተው መሐል ላይ ነው። አሞኒያው ሲወርድ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ናይትራይቱ ግን ገና እየጨመረ ነው። ናይትራይት ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቀይ የነበረው ስንጥቡ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ባለቤቱ የታመመ ዓሣ የተሸጠለት ይመስለዋል። የገደለው ግን ችኮላ ነው።

ስለዚህ ገንዳውን ያለ ዓሣ እናዘጋጀው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ይጨመርበት፤ ሂተሩ 26 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ፊልተሩ ቀንና ሌሊት ይሥራ። ሳሙናም ሽቶም የሌለበት አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ይጨመር፤ ከታጣም ቆንጠር ተደርጎ የሚጣል የዓሣ ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሰጣል። ጤነኛ ዓሣዎች ካሉበት የቆየ ገንዳ የስፖንጅ ቁራጭ ከተገኘ የመጠበቂያው ጊዜ በጣም ያጥራል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባክቴሪያዎቹም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኤር ፓምፕ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል በባትሪ የሚሠራም ቢኖር መልካም ነው፤ ለሰዓታት የቆመ ፊልተር ውስጥ የሳምንታት ልፋት ሊሞት ይችላል።

መድረሱን የሚነግረን ምርመራ ነው። የተጨመረው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነና ናይትሬት ከታየ ገንዳው ደርሷል። ያኔ አብዛኛውን ውሃ ቀይረው ይምጡ፤ ለመጀመሪያ የሚሆኑትን ጥቂት ዓሣዎች አብረን እንመርጣለን።