አይ ሰባት፣ ግን ስንተኛው?

ከኮልፌው 18 ማዞሪያ መርካቶ ቅርብ ነውና የኮልፌ ሰው ኮምፒውተር ሲያምረው ገበያው እግሩ ሥር ነው ማለት ይቻላል። እዚያ በብዛት የሚያጋጥመው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ ዴስክቶፕ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤች ፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። «ጌም ያጫውታል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሻጭ ብዙ ጊዜ «ኮር አይ ሰባት እኮ ነው!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የነገረን ግማሹን ብቻ ነው።

ሰባት የሚለው ቁጥር ፕሮሰሰሩ በተመረተበት ዓመት ከእኩዮቹ መካከል የነበረውን ደረጃ ይናገራል እንጂ ዓመቱን አይናገርም። ሁለት ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ (በዚህ ምዕራፍ ምርቶች የወጡበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የኢንቴሉ ኮር አይ 7-2600 በ2011 የወጣ ነው፤ ኮር አይ 3-12100 ደግሞ በ2022። ሁለቱም 4 ኮር (ራሱን የቻለ የስሌት ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) አላቸው። ከፍተኛ ፍጥነታቸውም የአንዱ 3.8፣ የሌላው 4.3 ጊጋኸርዝ ነው። በወረቀት ላይ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። አንድ ኮር ብቻውን ሲሠራ ግን «ትንሹ» አይ 3 ከትልቁ አይ 7 ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሥራ ይሠራል። ጊጋኸርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እንጂ በእያንዳንዱ ምት ስንት ትእዛዝ እንደሚፈጽም አይገልጽም፤ በ11 ዓመት ውስጥ የተለወጠውም በዋናነት ይኸው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» መሆን አለበት። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ይመልሰዋል፤ 2600 ሁለተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ ነው።

አሁን ፕሮሰሰሩ ጌም ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ምስል ወይም ፍሬም እንዲያሳይ ከተፈለገ፣ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጌሙ የእግር ኳስ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደደረሰች፣ 22ቱ ተጫዋቾች ወዴት እንደሚሮጡ፣ ማን ማንን እንደነካ ያሰላና «ይህን ሳል» ብሎ ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፋል። ካርዱ ይስላል። ከሁለቱ የዘገየው የጌሙን ፍጥነት ይወስናል፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ጌም የሚጫወቱ ልጆች «ስታክ አደረገ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ አንዳንዱን ፍሬም በሰዓቱ ማድረስ ሲያቅተው ነው። አማካዩ 60 ሆኖ ሳለ በየመሐሉ የሚቆራረጥ ጌም፣ ሳይቆራረጥ በ50 ከሚሄደው ይልቅ ያሰለቻል።

የውጭ አገር ፈታሾች ፕሮሰሰር ሲያወዳድሩ በገበያው ላይ ያለውን እጅግ ውድ ግራፊክስ ካርድ ይገጥሙና የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገው ይለካሉ። ይህን የሚያደርጉት ካርዱ ማነቆ እንዳይሆንና የፕሮሰሰሮቹ ልዩነት ጎልቶ እንዲታይ ነው፤ ሥራቸው ትክክል ነው። የሚመልሱት ጥያቄ ግን የእርስዎ ላይሆን ይችላል። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ መጠነኛ ካርድ የሚገጥም ሰው፣ የኢንቴል ተፎካካሪ ከሆነው ከኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ተነሥቶ በ2024 በ479 ዶላር ወደ ወጣው ራይዘን 7 9800 ኤክስ ስሪ ዲ ቢያድግ፣ በአብዛኛው ጌም ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያይም። ካርዱ ከመጀመሪያውም አልቻለም።

የዚህ «ኤክስ ስሪ ዲ» የሚባል ቤተሰብ ታሪክ ግን ለብቻው መነገር ያለበት ነው። በሚያዝያ 2022 ኤኤምዲ ራይዘን 7 5800 ኤክስ ስሪ ዲን አወጣ። ከታላቁ ከ5800 ኤክስ ጋር የኮር ብዛታቸው እኩል 8 ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲያውም ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ወርዷል። በጌም ግን ታላቁን በግልጽ በለጠው። ሚስጥሩ ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት ያደገው ካሽ ሜሞሪ ነው። ካሽ የሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ነው እንበል፤ የሚፈለገው ዕቃ እዚያው ካለ ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ ይሰጣል፣ ከሌለ መርካቶ ድረስ ልኮ ያስመጣል፣ ደንበኛውም ይጠብቃል። ጌም ብዙና የተበታተነ መረጃ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ የመደርደሪያው ስፋት ከባለሱቁ ቅልጥፍና ይበልጣል። 16 ኮር ያለው ራይዘን 9 7950 ኤክስ በጌም ባለ 8 ኮሩን 7800 ኤክስ ስሪ ዲ የማያሸንፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራው ቪዲዮ ማቀናበር የሆነ ሰው ግን 16ቱን ኮር ይምረጥ።

ታዲያ ለአንድ ተራ ተጫዋች ምን ያህል ይበቃል? መለኪያው እዚያው በሰፈሩ ጌም ቤት ተደርድሮ ይገኛል። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 በ1.6 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ 8 ደካማ ኮሮች አሉት። ትልልቅ ጌሞች በእሱ አቅም ልክ ሲሠሩ ስለኖሩ፣ የዘመኑ ባለ 4 ኮር አይ 5 ለዓመታት ሳያፍር ዘልቋል። በ2020 የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 ግን በኤኤምዲ ዜን 2 ላይ የተመሠረተ፣ እስከ 3.5 ጊጋኸርዝ የሚደርስ 8 ኮርና 16 ትሬድ አለው። ፊፋን ብቻ ብናይ ይበቃል፤ የኮምፒውተሩ ፊፋ 22 የተሠራው በፕሌይስቴሽን 4 ልክ ነበር፤ ፊፋ 23 ግን ወደ አዲሱ ትውልድ ተሻገረ፣ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ፕሮሰሰርም ከአይ 3-6100 ወደ አይ 5-6600 ኬ አደገ። ስለዚህ ፍላጎትዎ ፔስ 2013፣ ጂቲኤ 5ና የዚያ ዘመን ጌም ከሆነ አራተኛ ወይም ስድስተኛ ጄኔሬሽን አይ 5 ከመጠነኛ ካርድ ጋር ይበቃዎታል። ከዚያ ወዲህ ላለው ከ6 ኮር በታች አልመክርም። ካገለገሉት መካከል አይ 5-8500፣ ከአዲሶቹ ራይዘን 5 5600 ወይም አይ 5-12400 ኤፍ ጥሩ ምርጫ ናቸው።

የፕሮሰሰር ዋጋ በዶላር የታሰረ ነው። ራይዘን 5 5600 በ2022 ሲወጣ ዋጋው 199 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በ57 ብር ምንዛሪ ሲሰላ 11 ሺህ 343 ብር ይሆናል። ዶላር 100 ብር ሲገባ ያው ዕቃ፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይታከልበት፣ 19 ሺህ 900 ሆነ። በእንዲህ ያለ ገበያ ማዘርቦርድ መቀየር የማያስገድድ ፕሮሰሰር ትልቅ ቁጠባ ነው። የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች በ2017 የተቀበለው ኤኤም 4 የተባለ የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) የ2022ቱን 5800 ኤክስ ስሪ ዲም ተቀብሏል፤ ብዙዎቹ ቦርዶች የሚጠይቁት የባዮስ ማሻሻያ ብቻ ነበር። በኢንቴል በኩል ግን የስድስተኛውና የስምንተኛው ጄኔሬሽን ሶኬት በስም አንድ ሆኖ ቦርዱ አይለዋወጥም።

ከቁጥሩ ኋላ ያለችውን ፊደልም አይናቋት። «ኤፍ» ካለ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ሳይገጠም ስክሪን አይበራም። «ቲ» ካለ ኃይል ቆጣቢ ነው፤ አይ 5-6500 እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ ሲደርስ 6500 ቲ በ3.1 ይቆማል፣ ትንንሾቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ካርድ የሚቀበሉት የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ስለማይኖረው፣ ከማዘርቦርዱ ብቻ 75 ዋት ወስዶ የሚሠራ ካርድ ይፈልጉ፤ ቀጫጭኖቹ ኬዞች ደግሞ ካርዱ አጭር ቁመት ያለው ካልሆነ አይዘጉም። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ጄኔሬሽን አይ 7ና አይ 9 ሲቀርብልዎ ቆም ይበሉ፤ ኢንቴል በ2024 የቮልቴጅ ችግር እንዳለባቸው አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዝሟል፤ ማስተካከያው ግን ቀድሞ የተጎዳውን አይጠግንም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው፤ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ የተቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት ኮምፒውተሩ እንዲከፈት ይጠይቁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ስም ከነቁጥሩና ከነፊደሉ ተጽፎ ያገኙታል። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።