በደን ውስጥ የሚሰጥ ፈቃድ፦ የከፋ አስጎብኚዎችና ሕጉ

በደንና በተራራ እንግዳን እየመሩ ማስጎብኘት በኢትዮጵያ ሕግ ከሦስት ወገን የሚታይ ሥራ ነው። ገቢ ስለሚያስገኝ የንግድ ሕግ ይገዛዋል። ሙያ ስለሆነ የቱሪዝምና የሥልጠና ተቋማት ብቃቱን ይመዝኑታል። የሚሠራው በፓርክ ወይም በጥብቅ ደን ውስጥ ሲሆን ደግሞ የዱር እንስሳትና የደን ሕጎች ይመለከቱታል። በከፋ ዞን ሦስቱም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃሉ፤ እርሱም የአካባቢ አስጎብኚው ነው።

ደኑና ወሰኖቹ

የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2002 ዓ.ም. ከያዩ የቡና ደን ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን ስፋቱ ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ሥፍራው በሦስት ይከፈላል፦ እንዳይነካ የተከለለው ማዕከል፣ እርሱን የሚከበው መጠበቂያ ቀጣና፣ ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያርስበት የልማት ቀጣና ናቸው። ጎብኚ ቦንጋ ደርሶ ወደ ባርታ ፏፏቴ፣ ወደ የእግዜር ድልድይ ወይም በዴቻ ወረዳ ወደሚገኘው የማንኪራ የዱር ቡና ደን ሲያቀና ከአንዱ ቀጣና ወደ ሌላው መሻገሩን ላያውቅ ይችላል። ወሰኑ በካርታ ላይ እንጂ በዛፍ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ የጥበቃው ሕግ በተግባር የሚውለው በአብዛኛው አስጎብኚው በሚያውቀውና በሚናገረው ልክ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብትን አጠባበቅ የሚመለከት ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ያንን ሕግ ተከትሎ ሀብቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ይህ ኃላፊነት ለከፋ ሰው ቀረበ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የቱሪዝም ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ተቋቋመ።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የጸና ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል፤ የብቃት ማረጋገጫ በሚጠየቅበት የሥራ ዘርፍም ማረጋገጫው ከፈቃዱ ይቀድማል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አስጎብኚ ድርጅት ተሽከርካሪና ማረፊያ አዘጋጅቶ ጉዞን የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የአካባቢ አስጎብኚ ግን እውቀቱንና ጉልበቱን ይዞ እንግዳን በእግሩ የሚመራ ባለሙያ ነው። ለድርጅት የተሰፋ መስፈርት እንዳለ ቢጫንበት የገበሬ ልጅ የሆነው አስጎብኚ ከሥራው ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የጥበቃው ሕግ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ እና የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በደን ውስጥ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ይደነግጋሉ። በቡና አገር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይጨመራል። ይህ አዋጅ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ እውቀትን የሚጠብቅ በመሆኑ የዱር ቡናን የዘር ሀብት ለምርምር ወይም ለሌላ ጥቅም ወደ ውጭ የሚወስድ ሰው ያለ ፈቃድ ሊወስድ አይችልም። ለማስታወሻ ብሎ ፍሬ የሚለቅም እንግዳ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚነግረው አጠገቡ የቆመው አስጎብኚ ነው።

እውቀቱ ያለው ማን ዘንድ ነው?

የከፋ ሰው ከደኑ ጋር ያለው ትውውቅ ከፈቃድ ወረቀት ይቀድማል። ቀፎ የሚሰቅለው ንብ አርቢና ቡና ለቃሚው ዛፉን በስሙ፣ ወቅቱን በአበባው ያውቁታል። ቀድሞ በአደን ይተዳደር የነበረውና ለረጅም ዘመን የተገለለው የማንጆ ማኅበረሰብም ጥልቅ የደን እውቀት አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቦንጋ አካባቢ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ደን የሚጠበቀው ነዋሪው ድርሻ ሲኖረው ነው በሚል መርሕ ላይ የቆመ ነው። የአስጎብኚነት ሥራም የዚህ ድርሻ አንድ መልክ ነው።

ለዚህ እውቀት ዕውቅና የሚሰጥበት መንገድ አለ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት ውጤትን መሠረት ያደረገ ነው። በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ሰው ምን መሥራት እንደሚችል እንጂ የት እንደተማረ አይጠይቅም። ስለዚህ ከአባቱ የተማረ የማንኪራ ወጣት በሙያ ደረጃው ተመዝኖ ማረጋገጫ የሚያገኝበት መሠረት ተጥሏል። ችግሩ ምዘናው በእንግሊዝኛ ችሎታና በክፍል ትምህርት ላይ ብቻ ካተኮረ የደኑን አዋቂ ጥሎ ደኑን የማያውቀውን ሊያሳልፍ መቻሉ ነው።

ከሌሎች የሚገኝ ትምህርት

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ ከታጠቀ ጠባቂ (ስካውት) ጋር ይጓዛል፤ አስጎብኚዎቹም በደባርቅ በማኅበር ተደራጅተዋል። ማኅበሩ የጎብኚው ገንዘብ በአካባቢው እንዲቀር ይረዳል። በፈረንሳይ የሻሞኒ ተራራ መሪዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1821 ሲሆን፣ መነሻው በቀደመው ዓመት በሞን ብላን ተራራ ላይ በደረሰ አደጋ የመሪዎች ሕይወት ማለፉ ነበር። በአሜሪካ የሜይን ግዛት መሪዎች እንዲመዘገቡ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘችውም ኮርኔሊያ ክሮስቢ የተባለች ሴት ነበረች። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የሳፋሪ መሪዎች ማኅበር ብቃትን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ ይመዝናል። ጀማሪው በነሐስ ሥራ ይጀምራል፤ እየተማረም ደረጃውን ያሳድጋል።

ለከፋ የሚበጀው

የኬንያው ደረጃ አሰጣጥ ለከፋ ይስማማል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚፈተነው መንገድን፣ ቀጣናን፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታንና ከላይ የተጠቀሱትን ሕጎች ማወቅ ይሁን፤ ፈተናውም በደኑ ውስጥ፣ በከፋ ሕዝብ ቋንቋ በካፊኖኖና በአማርኛ ይሰጥ። የውጭ ቋንቋና የአእዋፍ ዝርዝር እውቀት ለቀጣዩ ደረጃ ይቆይ። የምዘናው ክፍያ የገጠር ወጣት አቅም የሚችለው ይሁን፤ ለሴቶችና ለማንጆ ወጣቶችም በሩ በግልጽ ይከፈት። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በመታወቂያው ይለይ፤ ደንብ የጣሰም ፈቃዱን ይነጠቅ።

በኮይሻ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት የተገነቡት ማረፊያዎች በዳውሮና በኮንታ እንግዳ እየተቀበሉ ነው፤ የእንግዶቹ ጉዞም እስከ ቦንጋና በከፋ ዞን እስካለው ጌሻ ደካ ሊዘልቅ ይችላል። እንግዳው ከበዛ በኋላ ሥርዓት ማበጀት ከባድ ነው። የክልሉ የቱሪዝም፣ የሥራና ክህሎት እንዲሁም የደን ተቋማት አሁኑኑ አንድ ላይ ተቀምጠው ደኑን የሚያውቀው ሰው በሕግ ደኑን የሚመራበትን ደንብ ሊያወጡ ይገባል።