ጥፋቱ የሰርቨሩ አልነበረም

የፋሲካ ሰሞን ታላቅ እህቴ ስልኳን አቀብላኝ «እስኪ ይሄን ጉድ እየው» አለችኝ። የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥበት ድረ ገጽ ለመከፈት 11 ሰከንድ ፈጀ። በዚህ ዘመን ማን 11 ሰከንድ ይጠብቃል? ዘግቶ ወደ ቲክቶክ ነው። ሆስቲንግ ያከራያት ድርጅት «ትልቁን ፓኬጅ ይግዙ» ብሏታል። ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው።

የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ቢሆንም ድረ ገጹን የሠራሁላት እኔ ነኝ፣ ከዩቲዩብ ተምሬ። «ከመክፈልሽ በፊት አንድ ቀን ስጪኝ» አልኳት።

መጀመሪያ ሦስት ገጾች ሞከርኩ። ተራው የኤችቲኤምኤል ገጽ ወዲያው ተከፈተ፤ ኔትወርኩ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው የፒኤችፒ ገጽም ፈጣን ነው። ከዳታቤዝ የሚያመጣው የቀሚሶች ዝርዝር ግን እዛው ተገተረ።

ቀጥዬ የማይኤስኪውኤልን ስሎው ኩዌሪ ሎግ አበራሁ። ይህ መዝገብ ካልነካችሁት የሚይዘው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጁ ጥያቄዎችን ብቻ ነው፤ እኔ ወደ 0.1 አወረድኩት። ወዲያው ሞላ! ኮዱ ለእያንዳንዱ ቀሚስ «ስንት ሰው አየው?» እያለ ለየብቻ ይጠይቃል። 40 ቀሚስ፣ 40 ጥያቄ። የቀሚሱ መለያ ቁጥር ኢንዴክስ ስላልነበረው ዳታቤዙ የሦስት ዓመት የጎብኚ መዝገብ በየጥያቄው ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ማውጫ በሌለው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል 40 ጊዜ እንደመፈለግ በሉት።

ወረፋውም አለ። ፒኤችፒን የሚያስተናግደው ፕሮግራም በእኛ ሰርቨር ላይ በአንዴ የሚቀበለው 5 ሰው ነው። እንደ ባንክ መስኮት ማለት ነው፦ አንዱ 11 ሰከንድ ከቆየ ስድስተኛው ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ መስኮት ብንጨምርስ? ሁሉም መስኮት የሚጠብቀው ያንኑ አንድ መዝገብ ቤት ነው። ትልቁ ፓኬጅም ቢሆን መስኮት መጨመር ነበር። ማነቆው ሌላ ቦታ ሆኖ አቅም መጨመር ገንዘብ ማባከን እንደሆነ አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል።

ኢንዴክስ ጨመርኩ፣ 40ውን ጥያቄ አንድ አደረግኩት። ገጹ ከአንድ ሰከንድ በታች ተከፈተ። ዶላሩም ተረፈ።

እህቴ ልትመርቀኝ ስትል ጥፋቱ የእኔ ኮድ እንደነበር ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ጠብቀው የሄዱትን ደንበኞቼንስ ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ።

ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።